ከጥጉ ወንበር ሲሰማ

ቴክኒሻኑ ሳሎኑ መሃል ቆሞ አንዴ አጨበጨበ። ጆሮውን ቀና አድርጎ ጠበቀ። ወደ መስኮቱ ሁለት እርምጃ ሄደና ደግሞ አጨበጨበ። ምንጣፉ ወፍራም ነው፣ መጋረጃው ከጣሪያ እስከ ወለል ወርዷል፣ ሶፋው ግማሽ ክፍል ይዟል። እንዲህ ያለ ክፍል ድምፅ ይውጣል እንጂ አይመልስም።

"የክፍሉ ችግር አይደለም" አለ።

"ሰማሽ እማዬ?" አለ ልጅየው ከሶፋው ላይ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። "ችግር የለውም አለ።"

"የክፍሉ አይደለም ነው ያለው" አሉ እናትየው። "ክፍሉን ደሞ መቼ ከሰስኩት? እኔ የከሰስኩት ዕቃውን ነው።"

የተቀመጡት ጥጉ ላይ ነው፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ትከሻው ሥር ማለት ይቻላል። ዓይናቸው ደክሟል። ከሶፋው ላይ ሆነው ሲያዩ የሰው ፊትና የግድግዳ ሰዓት አይለይላቸውም። ፊት ለፊት ቀረብ ብለው እንዳይቀመጡ ደግሞ ለሌላው ሰው ይጋርዳሉ። ስለዚህ ልጃቸው ባለ መደገፊያ ወንበር ገዝቶ እዚያ ጥግ ከተተላቸው። ምስሉን በአግድም ነው የሚያዩት። ድምፁን ግን አንድ ቃል ሳያመልጣቸው ይሰሙታል፣ ቀኑን ሙሉ።

በሩ አጠገብ ሁለት ሻንጣ ቆሟል። ምራትየዋ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ልብስ ከምራ አንገት አንገቱ ላይ በማይለቅ ቀለም ስም ትጽፋለች። የአረጋውያን ማቆያው ሕግ ነው። ስም የሌለው ልብስ እጥበት ቤት ከገባ በዚያው ይቀራል ብለዋታል። በዘጠኝ ሰዓት ከማቆያው መኪና ይመጣል። አሁን ስምንት ከሩብ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ወር በፊት ልጅየው ቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠውን ረጅም ስፒከር፣ ሳውንድባር የሚሉትን ገዛ። ይኸው ቴክኒሻን መጥቶ ገጠመው። ሳምንት ሳይሞላ እናትየው፣ "ቲቪው ውስጥ ያሉት ሰዎች የተናገሩትን ይደግሙታል" ማለት ጀመሩ። ልጅየው ማታ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ሰማ። ምንም የለም። ምራትየዋም ሰማች። ምንም። የጆሮ ሐኪም ጋ ወሰዷቸው፣ "ለዕድሜያቸው እንዲያውም ግሩም ጆሮ ነው" አለ። ይሄ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ጆሮው ደህና ከሆነ ሌላ ነገር ነዋ። ሌላ ሐኪም ጋ ተሄደ፣ ክኒን ታዘዘ። ክኒኑ ሲያደነዝዛቸው አንድ ቀን ምድጃ ሳያጠፉ ተኙ፣ ሌላ ቀን መታጠቢያ ቤት ወደቁ። በቃ፣ ማቆያ ተፈለገ።

እሳቸው አላለቀሱም፣ አልጮኹም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት።

"የሚያውቅ ሰው አምጡልኝ" አሉ። "ዕቃው ደህና ነው ካለ አፌን ዘግቼ እሄዳለሁ። ዕቃው ነው ካለ ግን ሻንጣዬን መልሳችሁ ትፈታላችሁ።"

ልጅየው እሺ አለ። ምን ይጎዳል ብሎ ነው።

ቴክኒሻኑ ይሄን ሁሉ የሰማው በር ላይ ጫማውን እያወለቀ ሳለ ነው። ምራትየዋ በሹክሹክታ ነገረችውና፣ "እንግዲህ እሳቸው ፊት በደንብ አድርገህ ንገርልን፣ እኛን አያምኑንም" አለችው። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ሱቅ ውስጥ ጓደኞቹ "ጆሮው" ነው የሚሉት። ሌላው በመሣሪያ የሚፈልገውን ብልሽት እሱ ቆሞ ሰምቶ ይነግርሃል። በዚህ አይታማም።

ሶፋው መሃል ቁጭ አለ። ገጣጣሚዎች ሁሉ የሚፈትሹት ከዚያ ነው፣ ገዢው ከሚቀመጥበት። ዜና ከፈተ። የሳውንድባሩን ሪሞት አንስቶ ድምፁን ሠላሳ ላይ አደረገ። ዜና አንባቢዋ ክፍሉን ሞላችው፣ ጥርት ብላ።

"ቆንጆ ነው" አለ።

"አዎ፣ እንዲህ አንጫርረህ ስትከፍተው ቆንጆ ነው" አሉ እናትየው። "ልጄ፣ እኔ ግን እንዲህ አልከፍተውም። ምራቴ ሌሊት ሠርታ ገብታ ቀን ነው የምትተኛው። እኔ ስድስት ላይ ነው የማደርገው። ስድስት ላይ አድርገውና የኔ ወንበር ላይ ቁጭ በል።"

"እማዬ፣ ሰውየው ሥራውን ያውቃል" አለ ልጅየው።

"ካወቀ ምን አስፈራው? ወንበር ነው፣ አይነክስም።"

ተነሡለት። የወንበሩን መደገፊያ ይዘው፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ቴክኒሻኑ ድምፁን ስድስት ላይ አወረደና ሄዶ ተቀመጠ።

እናም ሰማው።

ዜና አንባቢዋ "ትናንት" ስትል ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከግድግዳው በኩል፣ ቀጭን "ትናንት" ቀድሞ ይመጣል። ከዚያ ዓይን እስኪርገበገብ ባለች ጊዜ ውስጥ ሳውንድባሩ "ትናንት" ይላል። ሚኒስትሩ ሚኒስትሩ። ገለጹ ገለጹ። እያንዳንዷ ቃል ጭራዋን አስከትላ ነው የምትወጣው። እዚህ ወንበር ላይ ሦስት ቀን የተቀመጠ ሰው ራሱን ይይዛል። እሳቸው ሦስት ወር ተቀምጠዋል።

"ሰማኸው?" አሉ እናትየው ከላዩ ሆነው፣ ቀስ ብለው።

ድምፁን ብቻ አይደለም የሰማው፣ ምክንያቱንም አውቆታል። ማድመቂያው ነው።

ማድመቂያ ማለት እንግዲህ የገጣጣሚዎች ዘዴ ናት። ሰው አዲስ ሳውንድባር ሲገዛ ገና ሲከፈት ቤቱ እንዲናወጥ ይጠብቃል። ስለዚህ ገጣጣሚው የቴሌቪዥኑን የራሱን ስፒከር ሳያጠፋ ከሳውንድባሩ ጋር አብሮ ያስጮኸዋል። ድምፁ ይደምቃል፣ ገዢው ፈገግ ይላል፣ ወረቀቱ ላይ ይፈርማል። ከዚያ ገጣጣሚው ከመውጣቱ በፊት ገብቶ የቴሌቪዥኑን ስፒከር ያጠፋዋል። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ካላጠፋው ሁለቱ እኩል አይሄዱም፣ ሳውንድባሩ ትንሽ ይዘገያል። ማታ በሠላሳ ሲጮህ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይውጠዋል፣ ማንም አይሰማውም። ቀን በስድስት ሲሆን ግን እኩል ለእኩል ይሆናሉ።

ይሄን የገጠመ ቀን ግን አራተኛ ሥራው ነበር። ተፈረመለት፣ ቦርሳውን አነሳ፣ ወጣ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ የሱቁ ሥራ አስኪያጅ ሁሉንም ሰብስባ፣ "ከእንግዲህ ማድመቂያ ትቶ የመጣ ሰው መጋዘን ገብቶ ካርቶን ይሸከማል" አለች። እሱ ተነሥቶ በሁሉም ፊት፣ "እኔ በሕይወቴ ረስቼ አላውቅም" አለ። አጨበጨቡለት። ሰኞ የገጣጣሚዎች አለቃ ሊያደርጉት ነው።

"ምን ይላል?" አለ ልጅየው። አሁን ስልኩን አስቀምጦታል።

"ቅንብሩን አንዴ ልየው" አለ ቴክኒሻኑ። "የቲቪው ሪሞት ይኖራል? የራሱ የቲቪው?"

ምራትየዋ መሳቢያ ከፍታ አመጣችለት። ሪሞቱ ከነላስቲኩ ነው፣ ባትሪው ለብቻው በጎማ ታስሯል።

"አንተው ነህ እንዲህ ያሰርከው" አለችው። "በዲኮደሩ ሪሞት ይበራል፣ ይሄ አያስፈልጋችሁም ብለኸን የለ? ከዚያ ወዲህ የሰው እጅ አልነካውም።"

አንዱ ማምለጫ ተዘጋ። በስህተት ተነክቶ ነው እንዳይል፣ ይኸው ላስቲኩ።

ገመድ ላልቶ ነው ብል ብሎ አሰበ። ግን ገመዱንስ የገጠመው ማን ነው? ያም ሆኖ አፉን ሊከፍት ሲል ልጅየው ቀደመው።

"ለሥራ አስኪያጇ በስልክ ነግሬያታለሁ" አለ። "የገጠማችሁት ላይ ጥፋት ከተገኘ እናቴን ሦስት ወር ያመላለስኩባቸውን ሐኪሞች ዝርዝር ይዤ ሱቃችሁ በር ላይ ነው የምቆመው አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።" ከዚያ ድምፁን ለስለስ አደረገ። "ግን የለም አይደል? ጥፋት?"

ቴክኒሻኑ የሰውየውን ፊት አየው። የለም እንዲባል የሚለምን ፊት ነው። ሦስት ወር ሙሉ እናቱን ሳያምናት፣ ክኒን እያስዋጠ፣ ስታንቀላፋ እያየ የኖረ ሰው፣ በዘጠኝ ሰዓት መኪና የጠራ ሰው፣ አሁን ልክ ነበረች ቢባል በምን እግሩ ይቆማል? ቴክኒሻኑ ይሄን አየና ቀለለው። ሁለት ሰው አንድ ነገር ሲፈልግ ነገሩ ግማሽ እውነት የሆነ ይመስላል።

"እስኪ ልየው ጋሼ" አለ።

ባትሪውን ከተተ። ቴሌቪዥኑ ፊት ገብቶ በጀርባው ጋረደው። ቅንብር፣ ድምፅ፣ የድምፅ መውጫ። "የቲቪ ስፒከርና ውጫዊ ስፒከር" ይላል፣ እሱ ከሦስት ወር በፊት በዚህ በአውራ ጣቱ የመረጠው። "ውጫዊ ስፒከር ብቻ" አደረገው። ዘጋው። አሥር ሰከንድ አልሞላም።

"አይቼዋለሁ" አለ ዞሮ። "ሁሉም እንደነበረ ነው።"

እናትየው ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀምጠዋል። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እየሰሙ ነው። ዜና አንባቢዋ ስለ መንገድ ጥገና ታወራለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ሰሙ፣ ሌላ ሰሙ። ፊታቸው ላይ ያለው ነገር ሁሉ ተፍታታ። ሦስት ወር ጥርሱን ሲያመው ቆይቶ ድንገት የተወው ሰው ነው የሚመስሉት።

"አንድ ሆነ" አሉ። "አንድ ነው አሁን። ምን አደረግከው?"

"ምንም አልቀየርኩም እናቴ።"

"እንዴት?"

"አየሁት እንጂ የቀየርኩት ነገር የለም።"

"ልጄ" አሉ፣ በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ። "እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ስልክ ቤት መስመር ሳገናኝ ነው የኖርኩት። መስመር ሲደግም አውቃለሁ። ሲደግም የነበረ መስመር በራሱ ሲድን ግን አይቼ አላውቅም። ሰው ካልነካው አይድንም።"

"እማዬ" አለ ልጅየው። "ቅድም ሁለት ነው አልሽ። አሁን አንድ ነው ትያለሽ። እሱ ደሞ ምንም አልነካሁም ይላል። ራስሽ ስሚው እስኪ የምትዪውን።"

"ነክቶታል። ጀርባውን ሰጥቶን ነክቶታል።"

"እሺ ለምን ይዋሻል? ምን ያገኛል?"

ምራትየዋ የሹራብ አንገት ላይ እየጻፈች፣ "በስድስት ሰዓት የዋጡት ክኒን አሁን ገና ደርሶ ይሆናል" አለች። ክፋት አልነበረበትም አነጋገሯ። የሠራተኛ ሰው አነጋገር ነው፣ ስለ ሻይ ማፍያ እንደሚወራ። ልጅየው ሳይወድ ፈገግ አለ። ቴክኒሻኑም ሳያስበው ፈገግ አለ።

የልጅየው ስልክ ጮኸ። ማቆያው ነው። መኪናው ተነሥቷል፣ ስንት ሻንጣ አለ፣ ሊፍት አለ ወይ። እያወራ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ምራትየዋም የጨረሰችውን ልብስ ታቅፋ ወደ ሻንጣው ሄደች።

እናትየው የቴክኒሻኑን እጅጌ ያዙ።

"ያንተ ጥፋት ነው አይደል?" አሉ። "ስትገጥመው የረሳኸው ነገር አለ። አይቼሃለሁ፣ ስትሰማው ፊትህ ነጣ። ይሄን ያህልማ አያለሁ።"

ቴክኒሻኑ ወደ ኮሪደሩ አየ።

"አልቀየምህም እኮ። ሰው አይደለህ? እኔ አንዴ የአንዱን ሙሽራ ስልክ ለአበባ ሻጭ ላገናኝ ብዬ ለሬሳ ሣጥን ሠሪ አገናኘሁት። ሰውየው ነጭ ይሁን፣ ሪባን ይኑረው፣ ቅዳሜ ጠዋት አድርሱልኝ ብሎ አዘዘ።" ትንሽ ሳቁ፣ እጅጌውን ግን አልለቀቁም። "ሄጄ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት አልኩ። አለቃዬ ሰደበችኝ፣ ከዚያ ሻይ ጠጣን። ይሄው ነው። አንዲት ቃል ናት ልጄ። ረስቼው ነበር በል። ከዚህ ወንበር ሌላ የምፈልገው ነገር የለኝም፣ እሱንም ያንተው አንዲት ቃል ነው የምታስቀርልኝ።"

እጃቸው ቀላል ነው፣ የወረቀት ያህል። ቢጎትት ይላቀቃል። አልጎተተም። ለአንድ አፍታ ሊናገር ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ መጋዘኑ ታየው፣ ካርቶኑ፣ "እኔ በሕይወቴ" ያለባት ቀን፣ ያጨበጨቡለት ሰዎች አሁን ሲስቁ።

ልጅየው ተመለሰ። የእናቱን እጅ እጅጌው ላይ አየ።

"ምን እያለችህ ነው?" አለ።

እናትየው ቴክኒሻኑን እያዩት ነው፣ በዚያ በደከመ ዓይን፣ ከቅርብ። አገጫቸውን ነቅነቅ አደረጉለት። በል እንጂ እንደማለት።

"እንደገና ሁለቴ መስማት ጀመርኩ ነው የሚሉት" አለ ቴክኒሻኑ።

ቴሌቪዥኑ ስለ አየር ሁኔታ አወራ። እናትየው እጅጌውን ለቀቁት። አልተቆጡም። ገና አሁን በደንብ የታያቸው ይመስል ረዘም አድርገው አዩት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ምራታቸው መለሱ።

"ኮቴን አምጪልኝ" አሉ።

የመጨረሻ ቃላቸው እሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ልጅየው ጉልበቱ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማቸውን ሲያስርላቸው፣ "በየሳምንቱ እመጣለሁ እማዬ፣ እኔ ልሙት እመጣለሁ" ሲላቸው፣ ምራትየዋ ኮቱን ስታለብሳቸው፣ አንዲት ነገር አልወጣቸውም። ተስማምተው የለ? ሰው መጣ፣ ዕቃው ደህና ነው አለ። ልጅየው ዝምታቸውን እንደ መረጋጋት ቆጠረው። "አየህ፣ ከባለሙያ ሲሰሙት ይሻላል" አለ ቴክኒሻኑን ወደ ጎን ወስዶ። "በጽሑፍ ትሰጠኛለህ አይደል? ለማቆያው ሐኪም አስገባዋለሁ። ፋይሏ ውስጥ ቢኖር ጥሩ ነው።"

ቴክኒሻኑ ቦርሳው ላይ ተደግፎ ጻፈ። ብልሽት አልተገኘም። ቀን፣ ፊርማ። ከልክ በላይ ተጭኖ ስለጻፈው የታችኛው ቅጂ ተቀደደ። ሌላ ወረቀት አውጥቶ እንደገና ጻፈው። ሁለተኛው ላይ የእጅ ጽሑፉ ያማረ ሆነ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች ምራትየዋ በር ላይ። "እስከ ዛሬ እኔን ክፉ አድርገው ነበር የሚያዩኝ።"

በደረጃው ወረደ። ሊፍት መጠበቅ አልፈለገም። ደጅ ሲደርስ ሞተር ብስክሌቱ ላይ ቦርሳውን አሰረ፣ የራስ ቁሩን አጠለቀ፣ ቁልፉን ከተተ። አላስነሣውም። ቀና ብሎ ሦስተኛ ፎቅ አየ። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ያ ወፍራም መጋረጃ ነው የሚታየው። አሁን ብመለስ ብሎ አሰበ። ደረጃው አርባ አራት ነው፣ ሲወርድ ሳያስበው ቆጥሮታል። ረስቼው ነበር፣ ይቅርታ፣ ሳልነግራችሁ አስተካከልኩት። ከዚያ የሚመጣው ይምጣ። ወረቀቱም ገና ከቤቱ አልወጣም፣ ሻንጣውም ገና በር ላይ ነው። የራስ ቁሩን አወለቀ።

ያኔ ነጭ ሚኒባስ ቀስ ብሎ መጥቶ ፊቱ ቆመ። ሹፌሩ መስኮቱን አወረደ፣ ወፍራም፣ ደስ የሚል ፊት ያለው ሰው። እጁ ላይ ወረቀት አለ።

"ወንድሜ፣ እዚህ ሕንፃ ላይ ነህ?" አለ። "አንዲት እናት ልወስድ ነበር፣ ከማቆያው። የትኛው ቤት እንደሆነ ታውቃለህ? ቁጥሩ አይነበብም።"

ቴክኒሻኑ እንደገና መስኮቱን አየ። ሹፌሩ ጠበቀ፣ ሞተሩን አላጠፋም።

"ልቤን የሚያወልቀው መንገድ ላይ ሲያስቸግሩ ነው" አለ ሹፌሩ። "ባለፈው አንዱ አባት በር ከፍተው ሊወርዱ ነበር፣ እየሄድን እኮ ነው። ታውቃቸዋለህ ሴትየዋን? ሰላማዊ ናቸው?"

"ሰላማዊ ናቸው" አለ ቴክኒሻኑ።

"ተመስገን።"

"ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሊፍቱ ስትወጣ በግራ። ሁለት ሻንጣ አላቸው።" ከዚያ የራስ ቁሩን መልሶ እያጠለቀ፣ ሹፌሩን ለመርዳት ያህል፣ "ብቻ ቲቪው ሁለቴ ያወራ ነበር ምናምን ካሉህ እሺ በላቸው" አለው። "አትከራከራቸው።"

ሞተሩን ዘወር አድርጎ ለሚኒባሱ ቦታ ለቀቀለት።